ዴይ ኬር (የሕፃናት ማቆያ) ውስጥ ለመሥራት ያሰባችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ይህን እወቁ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ዴይ ኬር ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ዳይሬክተሯ "ከሕፃናት ጋር ምን ልምድ አለሽ?" ስትለኝ "ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ" አልኳት። ፈገግ አለችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ፊቷ ያለው ወረቀት ላይ ምንም አልጻፈችም። ያን ቀን ነገሩ አልገባኝም ነበር። ልጅ ማሳደጋችሁ ሥራው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በጣም ይጠቅማችኋል። ለመቀጠር ግን የሚቆጠረው በወረቀት የተደገፈው ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለች እህታችሁ የነገረቻችሁ ሜሪላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሜሪላንድ ለምሳሌ የ90 ሰዓት የሚባል የሕፃናት እንክብካቤ ኮርስ አለ፣ እዚያ ዴይ ኬር የምትሠራ ሁሉ ታውቀዋለች። የምትኖሩበት ስቴት የሕፃናት ማቆያ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ምን እንደሚጠይቅ ከራሱ ከቢሮው ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸውና አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው በረዳት መምህርነት ነው። የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ይጠየቃል። እባካችሁ ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እዚህ ሆኖ ከአገር ቤት ማስመጣት ወራት ይፈጃል። ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ አስገምግሙት። የሚገመግሙት ናሴስ የሚባለው ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ቀጣሪው ወይም ስቴቱ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል አጣሩ፣ ሁለት ጊዜ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከረዳትነት ከፍ ማለት ለሚፈልግ ጥሩው መንገድ ሲዲኤ ነው። አገር አቀፍ የሕፃናት መምህርነት ምስክር ወረቀት ስለሆነ ስቴት ብትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል። 120 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱ በስምንት ርዕሶች የተከፈለ ሲሆን ለእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰዓት መያዝ አለበት። በዚያ ላይ 480 ሰዓት ከሕፃናት ጋር መሥራት አለባችሁ፣ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው 12 ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ የራሳችሁን ሥራ የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ ታዘጋጃላችሁ፣ አንድ ባለሙያ ክፍላችሁ መጥቶ ስታስተምሩ ያያችኋል፣ 65 ጥያቄ ያለው ፈተናም አለ። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 480ውን ሰዓት የምትሠሩት ከምታመለክቱበት የዕድሜ ክልል ጋር መሆን አለበት። ከ3 ዓመት በታች ካሉት ጋር ሠርታችሁ የፕሪስኩሉን (ከ3 እስከ 5 ዓመት) ማመልከት አይሆንም። ስለዚህ ስትቀጠሩ የትኛው ክፍል እንደምትመደቡ ጠይቁ።

ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም ያለፈ ታሪካችሁን ማጣራት፣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ ፈቃድ ባለው ማዕከል የሚሠራ ሁሉ አሻራ ይሰጣል፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱም ይደገማል። ባለፉት 5 ዓመታት የኖራችሁባቸው ስቴቶች ሁሉ ስለሚጣሩ አድራሻዎቻችሁን ከነቀናቸው ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፣ ምክንያቱም ሰው የሚባረረው እዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዲት የአራት ወር ልጅ እንቅልፍ እምቢ አላት። እኔም እንደለመድኩት በደረቷ አስተኝቼ፣ ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ፣ ስስ ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩባት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። አብራኝ የምትሠራው መምህርት አይታ በሩጫ መጣች፣ ልጅቷን በጀርባዋ ገለበጠቻት፣ ብርድ ልብሱን አነሳች። አልጮኸችብኝም፣ እጆቿ ግን ይንቀጠቀጡ ነበር። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ብቻውን፣ ጠንካራና ባዶ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። ትራስ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ለመከላከል ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህ ምክር የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። እናቶቻችን ያስተማሩንን መተው ይከብዳል፣ ግን ተዉት።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። ለምሳሌ ሄድ ስታርት በሚባለው፣ የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች በሚደግፈው ፕሮግራም ውስጥ፣ ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ አራት ልጆች አንድ መምህር ግዴታ ነው። ይህ ማለት ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሚተካችሁ ሰው ክፍሉ ውስጥ እስኪገባ ትጠብቃላችሁ። ለአንድ ደቂቃ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ። ከጓሮ ወደ ክፍል ስትመለሱም ስም እየጠራችሁ፣ ፊት እያያችሁ ቁጠሩ።

ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ጆሮ መያዝ፣ በቀልድም ቢሆን፣ ከሥራ ያስወጣል፣ ፍርድ ቤትም ሊያደርስ ይችላል። መድኃኒት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይሰጥም። ልጁን ሊወስድ የመጣው ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ አያቱ ነኝ ቢልም ልጁ አይሰጠውም። የልጆቹን ፎቶ በራሳችሁ ስልክ አታንሱ።

ልጅ እየተጎዳ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ማሳወቅ የሕግ ግዴታችሁ ነው። በብዙ ስቴቶች ለዳይሬክተሯ መንገር ብቻውን ከግዴታው አያወጣችሁም፣ ራሳችሁ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ መደወል አለባችሁ። ማስረጃ መፈለግ የእናንተ ሥራ አይደለም።

እኔን በጣም ያስቸገረኝ ግን ጽሑፉ ነው። ልጅ ሲወድቅ፣ ሲነከስ፣ ሲቧጨር ሪፖርት ይጻፋል። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንዳደረጋችሁለት። "ከጠዋቱ 10፡20፣ ምንጣፉ ላይ፣ ግራ ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት፣ በሳሙና ታጥቦ በረዶ ተደረገለት።" በቃ። "ባለጌ ልጅ ነከሰው" አይባልም፣ የነካሹም ስም ለተነከሰው ወላጅ አይነገርም። እኔ እንዲህ ያሉ ዐሥር ያህል ዓረፍተ ነገሮችን በእንግሊዝኛ ደብተሬ ላይ ጽፌ ማታ ማታ እለማመድ ነበር። ከወር በኋላ ደብተሩን ማየት ተውኩ።

የአሻራው ውጤት እስኪመጣ ቁጭ አትበሉ። በዚያ ጊዜ የሕፃናት ሲፒአር (ልብ ወይም ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) እና የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ውሰዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ኦንላይን ብቻ የሆነውን ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ከመመዝገባችሁ በፊት "አሻንጉሊት ላይ በእጃችን እንለማመዳለን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።