ዋናው ፋየርዎል ሪስታርት ሲደረግ ክላስተሩ ለምን ይረበሻል?

ሁለት ፎርቲጌት (የፎርቲኔት ፋየርዎል) በአክቲቭ-ፓሲቭ ክላስተር፣ ማለትም አንዱ ዋና ሌላው ተጠባባቂ ሆኖ፣ ተጣምረው በሚሠሩበት ቢሮ ዋናው ሪስታርት ሲደረግ መታየት ያለበት ነገር ትንሽ ነው። አንድ ሁለት ፒንግ ይጠፋል፣ ተጠባባቂው ይረከባል፣ ሠራተኛው ልብ ሳይለው ያልፋል። ከዚያ የባሰ ነገር ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ዋናው ተነስቶ ሲመለስ በሚሆነው፣ ወይም በዙሪያው ባሉት ስዊቾችና በመብራቱ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ መብራቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሪስታርት ስለሚያደርግ፣ አስቀድሞ መፈተሹ ይሻላል።

ምልክት፦ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ይቋረጣል፣ ሁለተኛው ይብሳል

መጀመሪያ ዋናው ሲጠፋ ለአፍታ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ሲመለስ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቋረጣል። ምክንያቱ ‹ኦቨርራይድ› የሚባለው ምርጫ ስለበራ ነው። ኦቨርራይድ ሲበራ ፕራዮሪቲ (ለመሣሪያው የምትሰጡት የቅድሚያ ቁጥር) ከዕድሜ (ክላስተሩ ውስጥ ሳይቋረጥ ከቆየበት ጊዜ) ይቀድማል፤ ስለዚህ ትልቅ ፕራዮሪቲ ያለው መሣሪያ ተነስቶ እንደጨረሰ ሥራውን መልሶ ይነጥቃል። በዚያው ቅጽበት ስዊቹ አዲስ የተነሳውን ፖርት በስፓኒንግ ትሪ (ትራፊክ በክብ እንዳይዞር በሚከላከለው ሥርዓት) ገና እያጣራ ሊሆን ይችላል። በነባሩ ስፓኒንግ ትሪ ማዳመጡ 15፣ መማሩ 15፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ይፈጃል።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወደ ፋየርዎሎቹ በሚሄዱት የስዊች ፖርቶች ላይ ፖርትፋስት አብሩ። ኦቨርራይድን ደግሞ አጥፉ፤ ከፋብሪካ ሲመጣም ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኦቨርራይድና ፕራዮሪቲ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለማይገለበጡ ሁለቱም መሣሪያ ላይ ገብታችሁ ማየት አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ኦቨርራይድ ከጠፋ ዋናው የሚመረጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ከሚጠበቁት ፖርቶች (ክላስተሩ እንዲከታተላቸው ከመረጣችኋቸው) የበራው ብዛት፣ ዕድሜ፣ ፕራዮሪቲ፣ በመጨረሻም ሲሪያል ቁጥር። የዕድሜ ልዩነታቸው ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ እኩል ይባላሉ። ማታ መብራት ሄዶ ሁለቱ አብረው ከተነሱ ዕድሜ ፋይዳ የለውም፣ ፕራዮሪቲ ይወስናል። ጠዋት ዋናው ተቀይሮ ብታገኙት እንደ ብልሽት አትቁጠሩት።

ምልክት፦ ተጠባባቂው ተረክቧል፣ ግን ሁሉም ሰው ከሲስተሙ ወጥቷል

‹ሴሽን ፒክአፕ› (ክፍት ግንኙነቶችን ለተጠባባቂው የሚያካፍለው ምርጫ) አልበራም፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው። አብሩት። ለዩዲፒ ለብቻው የሚበራ ምርጫ አለ። በፕሮክሲ የሚፈተሹ ግንኙነቶች ግን ቢበራም ይቆረጣሉ፤ ተጠቃሚው እንደገና ይግባ።

ምልክት፦ ተጠባባቂው ዋና ሆኗል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

ፋየርዎሉን ከመነካካታችሁ በፊት ገመድ እዩ። የተጠባባቂው ገመድ ከተሰካ ጀምሮ ትራፊክ አልፎበት ላያውቅ ይችላል፤ የተሳሳተ ቪላን (የስዊቹ የኔትወርክ ክፍል) ላይ ያለ ፖርት ለወራት ሳይታወቅ ይቀመጣል። ‹የሚጠበቁ ፖርቶች› ውስጥ የውስጡንና የውጩን ፖርት አስገቡ፣ የሃርትቢቱን (ሁለቱ ፋየርዎሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን) ግን አታስገቡ።

ቀጥሎ ከኢትዮ ቴሌኮም የመጣው አንድ መስመር ለሁለቱ የሚከፈልበትን ትንሽ ስዊች ፈልጉ። ፋየርዎሎቹ ዩፒኤስ ላይ ተቀምጠው እሷ ግድግዳው ሶኬት ላይ ከሆነች፣ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። እሷንም ሞደሙንም ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። ሁለቱን ፋየርዎሎች ደግሞ በየራሳቸው ዩፒኤስ ለዩ። ባለ አንድ ባትሪ ክላስተር ባትሪው ሲደክም አብሮ ይወድቃል።

ምልክት፦ ሁለቱም ዋና ነን ይላሉ

ፒንግ ይመጣል ይሄዳል፣ የስዊቹ ሎግ አንድ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ከፖርት ወደ ፖርት እየዘለለ ነው ይላል። ሁለቱ በአንድ ቨርቹዋል ማክ ስለሚሠሩ ነው። ምክንያቱ የሃርትቢት መቋረጥ ነው። ሃርትቢቱ በስዊች በኩል ካለፈና ስዊቹ ከፋየርዎሎቹ ዘግይቶ ከተነሳ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ይህ ይደገማል። ሁለት ገመድ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቀጥታ ሳቡ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል።

አሁን ችግሩ ውስጥ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሁለቱንም ኮንፊግ ባካፕ ውሰዱ። ትክክለኛው ኮንፊግ ያለው የትኛው እንደሆነ ለዩ። የሌላውን የዳታ ገመዶች በሙሉ ንቀሉ፣ ከዚያ ሃርትቢቱን መልሱ። የሚጠበቁት ፖርቶቹ ስለጠፉ ምርጫውን ይሸነፋል፣ የዋናውንም ኮንፊግ ይቀበላል። በተለያዩበት ጊዜ እሱ ላይ የተጻፈ ፖሊሲ ይጠፋል። የዳታ ገመዶቹን ኮንፊጉ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ስኩ።

ከአዲስ አበባ ተተኪ መሣሪያ ሲመጣም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ባዶው መሣሪያ ምርጫውን ካሸነፈ ባዶነቱን ለነባሩ ያወርሳል። ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ሲደርስ መቸኮል አለ፤ ግን መጀመሪያ ፈርምዌሩን ከነባሩ ጋር አንድ አድርጉ፣ ፕራዮሪቲውን ዝቅ አድርጉ፣ ሃርትቢቱን ብቻ ሰክታችሁ ጠብቁ።

የታቀደ ሪስታርት

ዋናውን ዘው ብላችሁ አታጥፉት። በ‹ጌት ሲስተም ኤችኤ ስታተስ› ሁለቱ መጣጣማቸውን እዩ። ጥርጣሬ ካለ ‹ዲያግኖዝ ሲስ ኤችኤ ቼክሰም ክላስተር› ብላችሁ የሁለቱን ኮንፊግ መለያ ቁጥሮች አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ ሪስታርቱ ይቆይ።

ወደ ጌትዌዩና ወደ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) የማይቋረጥ ፒንግ ክፈቱ። ዋናው ላይ ‹ዲያግኖዝ ሲስ ኤችኤ ሪሴት-አፕታይም› ስትሉ ዕድሜው ዜሮ ይሆንና ሥራው ወደ ተጠባባቂው ይሻገራል። ይህ የሚሠራው ኦቨርራይድ ከጠፋና ተጠባባቂው ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ብቻ ነው። ሁለቱም አሁን የተነሱ ከሆኑ ትእዛዙ ምንም ላይለውጥ ይችላል፣ ጠብቃችሁ ድገሙ። ሁሉም ነገር በተረካቢው ላይ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ የቀድሞውን ዋና ሪስታርት አድርጉ።

ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ የቡሬን ቅርንጫፍ የምታስነሱ ከሆነ፣ ቡሬ ላይ ኮንሶል ገመድ (ኮምፒውተርን ከፋየርዎሉ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ) የያዘ ሰው ይኑር። የኮንሶሉ ፍጥነት 9600 ነው።