ለሕፃናት ኮምፒውተርን ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ለሆኑ ሕፃናት የኮምፒውተር ክፍሎችንና መሠረታዊ ቃላትን ሳስተምር በራሴም በባልደረቦቼም ሥራ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከቃላት አያያዝ የሚመነጩ ናቸው። ስለዚህ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ያለው መምህርም ሊያርማቸው ይችላል።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ስሞቹን በዜማ ማስጠናት ነው። «ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ» እያሉ በአንድ ድምፅ የሚያወርዱ ልጆች ተራው ተዛብቶ ከመካከል አንዱን እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ። ለዚህ ችግር መፍትሔው ከየኔታ ደጅ አይርቅም። ፊደል የሚቆጥር ልጅ እያንዳንዱን ፊደል በስንጥር እየነካ ነው የሚያነበው፤ ሀሁን በቃሉ ከያዘ በኋላም አቡጊዳ ይመጣበታል፤ ተራው ስለተለወጠም ፊደሉን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። የኮምፒውተር ትምህርትም እንዲሁ ሊሆን ይገባል፦ ልጁ ዕቃውን እየነካ ስሙን ይጥራ፣ ቀጥሎም ተራው ይዘበራረቅበት። «እንዳይበላሽ አትንኩ» እያሉ ማስተማር ግን ፊደልን ገበታውን ሸፍኖ እንደማስቆጠር ነው።

ሁለተኛው ስህተት እኛ ትልልቆቹ የለመድነው ነው። ከጠረጴዛው ሥር የሚቆመውን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን። ሲፒዩ ግን የኮምፒውተሩን ትእዛዞች የምትፈጽም፣ ሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹን የሚያገናኘው ሰሌዳ) ላይ የተቀመጠች፣ በልጅ መዳፍ የምትያዝ ጠፍጣፋ ቺፕ ናት። ሳጥኑን «ኬዝ» ወይም በቀላሉ «የኮምፒውተሩ ሳጥን» ማለት ይሻላል። የተበላሸ ኮምፒውተር ካለም ከኤሌክትሪክ ነቅሎና ሽፋኑን አንሥቶ ውስጡን ማሳየት ከብዙ ሥዕል ይበልጣል። ነገር ግን ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ መክፈት ፈጽሞ አይገባም፤ ጀርባቸው የጎበጠውን የድሮ ሞኒተሮችም እንዲሁ፤ ከተነቀሉ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

በአማርኛ የምናስተምር ሰዎች ሳናስተውለው የምናልፈው ደግሞ «መጫን» የሚለው ቃል ነው። ቁልፍ ይጫናል፣ ፕሮግራም ይጫናል፣ ፎቶም ኢንተርኔት ላይ ይጫናል። በቅዳሜ ገበያ እህል የተጫነ አህያ ሲያይ ያደገ የስድስት ዓመት ልጅ «ቁልፉን ተጫን» ሲባል ጣቱን ከነሙሉ ኃይሉ አሳርፎ ይቆያል፤ ያን ጊዜ አንዱ ፊደል መስመሩን ሞልቶ ይደረደራል፤ ልጁም ኮምፒውተሩን ያበላሸ መስሎት ይደነግጣል። እኔ ለኪቦርድ «ነካ አድርገህ ልቀቅ»፣ ለማውስ «ክሊክ አድርግ»፣ ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ለማስገባት «ላክ» እላለሁ፤ «መጫን»ን ለፕሮግራም ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ሌላ መምህር ሌላ ቃል ሊመርጥ ይችላል፤ አንዱን ቃል ለሦስት ሥራ መስጠት ግን ልጁን ያደናግረዋል።

ሁሉንም ወደ አማርኛ ካልመለስን የሚሉም አሉ። ማውስን «አይጥ» ማለት ለልጆች ሳቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ስሙ የወጣለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲሆን ምክንያቱም ገመዱ ጅራት መምሰሉ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ገመድም የላቸውም። ገመድ፣ ቁልፍ፣ ድምፅ ማጉያ ግን አማርኛቸው በልጁ አፍ ያለ ስለሆነ ባዕድ ስም አያስፈልጋቸውም።

«ሚሞሪ» የሚለው ቃል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጆቹ የሚያውቁት ስልክ ውስጥ የሚገባውን ሚሞሪ ካርድ ነው፤ እርሱም ስልኩ ቢዘጋ የያዘውን አይለቅም። ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሚሞሪ፣ ግን ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የፋሲልን ግንብ ፔይንት በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ እየሣሉ ሳለ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ የአንዱም ሥዕል አልነበረም፤ አንዲት ልጅ እያለቀሰች «ግንቤ የት ሄደ?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «ሴቭ ማድረግ»ን (ሥራን እንዳይጠፋ ማስቀመጥን) ከሁሉም ኋላ ለማስተማር አቆይቼው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ራምን በጥቁር ሰሌዳ፣ ሴቭ የተደረገው የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ በደብተር እየመሰልሁ በመጀመሪያው ሳምንት አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ወደ ደብተር የተገለበጠው ይቆያል። የሴቭ ምልክት የሆነችው አራት ማዕዘንም ፍሎፒ ዲስክ የተባለች የድሮ ፋይል ማስቀመጫ መሆኗን እነግራቸዋለሁ፤ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ትይዝ ስለነበር ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ እንኳ ብዙውን ጊዜ አይገባባትም።

የመጨረሻው ስህተት ኪቦርድን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ማስጀመር ነው። ሀሁን ገና የጨረሰ ልጅ «ለ»ን ፈልጎ ሲያጣ ኮምፒውተር የእርሱን ቋንቋ የማያውቅ ይመስለዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ ሊኖረው እንደማይችል፣ ስለዚህም ብዙውን ጊዜ አንዱ ፊደል በሁለት ቁልፍ እንደሚጻፍ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በእኔ ክፍል እያንዳንዱ ልጅ ስሙን በአማርኛ ይጽፋል፣ ፋይሉንም በዚያው ስም ሴቭ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ እኔ እርዳታ ፈልጎ ሲከፍተው ወደሚቀጥለው ትምህርት አልፋለሁ።