ልጆችን ዒላማ ተኩስ በነፃ ስታስተምሩ የመሣሪያውን ወጪ ማን ይክፈል?

አሜሪካ ውስጥ ልጃችሁ ፎር ኤች (4-H) የሚባለው የወጣቶች ክለብ ገብቶ የዒላማ ተኩስ ከጀመረ፣ ውሎ አድሮ እናንተንም «እስቲ አግዙን» ማለታቸው አይቀርም። እነዚህ ክለቦች የሚቆሙት በወላጆች ነው። ስልጠና ትወስዳላችሁ፣ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁ ይጣራል፣ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ናችሁ። ስለ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳችሁም። ጥይት ያልቃል፣ የዒላማ ወረቀት ያልቃል፣ አንዱ ልጅ ያለ ዐይን መከላከያ መነፅር ይመጣል፣ እናንተም ዝም ብላችሁ ከኪሳችሁ ትገዛላችሁ። በተለይ እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ይይዘናል፤ ስለ ገንዘብ መጠየቅ ስስት ይመስለናል። ስስት አይደለም። በጎ ፈቃደኛ የሚሰጠው ጊዜውንና እውቀቱን ነው። ከዚያ በላይ ፈቅዳችሁ ከሰጣችሁ እሰየው፣ ግን አስባችሁበት ይሁን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልጆቹ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ በፊት የሚሠራ ነው። ፎር ኤች የሚመራው በየስቴቱ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው፤ በየካውንቲው ደግሞ የኤክስቴንሽን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ትምህርት፣ ቢሮ አለው። እዚያ ሄዳችሁ የክለቡን ኃላፊ ጠይቁ። መሣሪያው የማን ነው? የሚያልቀውን ዕቃ የሚገዛው ማን ነው? እኔ ብገዛ ገንዘቡ ይመለስልኛል ወይ፣ እስከ ስንት ብር ድረስ፣ ከመግዛቴ በፊት ማን ይፍቀድልኝ? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ለዓመታት የሚቆየው ነው፦ ጠመንጃው፣ ቀስቱ፣ የጆሮ መከላከያው፣ ቆልፎ ማስቀመጫው። ሌላው በየሳምንቱ የሚያልቀው ነው፤ ክለብ የሚያንገዳግደውም ይሄኛው ነው። ሾትገንን፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን እርሳስ በአንዴ የሚረጨውን ጠመንጃ፣ ውሰዱ። አንድ ዙር ወደ አየር የሚወረወር 25 የሸክላ ዒላማ ነው፣ አንድ ካርቶን ጥይትም 25 ፍሬ ይይዛል። አሥር ልጆች ሁለት ሁለት ዙር ከተኮሱ በአንድ ጠዋት 500 ጥይትና 500 ሸክላ አለቀ ማለት ነው። የአየር ጠመንጃ ላይ ግን እነዚያው አሥር ልጆች አርባ አርባ ጊዜ ቢተኩሱ 400 ፍሬ ነው፤ 500 ፍሬ የምትይዝ አንዲት ቆርቆሮ ትበቃቸዋለች፣ ዋጋውም ከሾትገን ጥይት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ርቀቱም 10 ሜትር ስለሆነ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። አዲስ ክለብ የምትጀምሩ ከሆነ በአየር ጠመንጃ ወይም በቀስት ጀምሩ። ሾትገኑ ካዝናው ሲጠነክር ይደርሳል።

የሚያልቀውን ዕቃ ቤተሰቦች በመዋጮ ቢሸፍኑት ይሻላል ባይ ነኝ። መዋጮው ወቅቱ ሳይጀመር ይሰላ፣ ለሁሉም እኩል ይነገር፣ መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ ማንም ሳይሰማ የሚቀርበት መንገድ ይኑር። ይህችን የመጨረሻዋን እንዳትረሷት። ልጅ በጥይት ዋጋ ምክንያት ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዳር ቆሞ ማየት የለበትም።

ለሚቆየው ዕቃ ግን ወላጆችን አታስጨንቁ፣ ከሌላ ቦታ ሊገኝ የሚችል ገንዘብ አለ። ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በረጃጅም ጠመንጃዎች፣ በጥይትና በቀስት ዕቃዎች ላይ 11 በመቶ፣ በሽጉጥ ላይ 10 በመቶ የፌዴራል ቀረጥ ይከፈላል። ገንዘቡ ለስቴቶች የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ይከፋፈላል፤ ከእንስሳት ጥበቃው ሌላ ለአዳኞች ትምህርትና ለተኩስ ሜዳዎችም ይውላል። በ2019 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ የተኩስ ሜዳ ለመሥራትና ለማስፋፋት ስቴቱ ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ ከ25 ወደ 10 በመቶ ዝቅ እንዲል ተፈቅዷል። ስለዚህ የስቴታችሁን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውላችሁ «ለወጣቶች ክለብ ምን አላችሁ?» በሉ። በቀስት በኩል ከሆነ በ2002 ኬንታኪ ላይ የተጀመረው የትምህርት ቤት የቀስት ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ዕቃው የትምህርት ቤቱ ስለሚሆን ወላጅ ቀስት መግዛት አያስፈልገውም።

ከመንግሥት ውጪም በር አለ። ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም የሚባለው ተቋም በሥሩ ለተመዘገቡ የታዳጊ ክለቦች የአየር ጠመንጃና ሌላ ዕቃ በቅናሽ ያቀርባል። ሚድዌይ ዩኤስኤ ፋውንዴሽን ለቡድኖች የማይነካ ተቀማጭ ይከፍትላቸዋል፣ ቡድኑም ከዚያ ላይ በየዓመቱ 5 በመቶ መውሰድ ይችላል። እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ዛሬ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ልጆቻችሁ አድገው ከወጡ በኋላ ለሚመጡትም ይደርሳል። በ1990 የተቋቋመው የኤን አር ኤ (የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር) ፋውንዴሽንም በእራትና በጨረታ ዝግጅት ከሚሰበሰብ ገንዘብ ለወጣት ክለቦች ሲሰጥ የቆየ ነው። ስሙ ግን ከፖለቲካ ጋር ስለሚነሳ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ወላጆችን አማክሩ። ልጁ የሚለብሰው ቲሸርት ላይ የማን ምልክት እንደሚኖር ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ ኋላ ቅሬታ አይመጣም።

ስታመለክቱ «ገንዘብ ያስፈልገናል» አትበሉ። ስንት ልጆች አሏችሁ፣ በስንት ዓመት ክልል፣ ስንት የሰለጠነ አስተማሪ አለ፣ ዕቃው የት ይቆለፋል፣ ይህን ጻፉ። ቀነ ገደቡን ቀድማችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ብቻ ናቸው።

ዕቃው ሲገዛ ባለቤቱ ክለቡ ወይም ካውንቲው ነው፣ አስተማሪው አይደለም። የእድር ድንኳን በሊቀመንበሩ ቤት ስለተቀመጠ የሊቀመንበሩ እንደማይሆን ሁሉ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ጠመንጃ መለያ ቁጥር ይመዝገብ፣ ቁልፉ እነማን ጋ እንዳለ ይጻፍ፣ በዓመት አንዴ ሁለት ሰው ሆኖ ይቁጠር። የራሳችሁን ጠመንጃ ለክፍሉ ማምጣትን ግን አልመክርም። ቢሰበር ማን ይከፍላል? ኢንሹራንሱ ይሸፍነዋል? የአንዳንድ ስቴት ሕግ ደግሞ ጠመንጃን ለጊዜውም ቢሆን ማዋስን ይገድባል። የግድ ከሆነ ከቢሮው የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የገባ ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ በአብዛኛው ክልክል ነው። የስቴት የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ላሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ የተለየ አሠራር አለ። ስለዚህ አንድ ሰው በቅንነት «ጥይቱን ግዛና መኪናህ ውስጥ አድርገህ አምጣልን፣ እንከፍልሃለን» ቢላችሁ፣ የመኖሪያ ወረቀታችሁ ምን እንደሆነ ሳታስቡ እሺ እንዳትሉ። መዘዙ ከባድ ነው። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ይህ የቪዛ ክልከላ አይመለከተውም። ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። የፌዴራሉ ሕግ ቀስትንና የአየር ጠመንጃን ከዚህ ክልከላ ውስጥ አይቆጥርም፤ የስቴቱ ሕግ ሊለይ ስለሚችል ግን እሱንም አጣሩ። እነዚህን ማስተማርም ትልቅ እገዛ ነው።

ከኪሳችሁ ያወጣችሁትና ክለቡ ያልመለሰላችሁ ገንዘብ ካለ ደግሞ ታክስ ስትሠሩ አስቡት። ለበጎ አድራጎት ሥራ ያወጣችሁት ወጪ ተቀናሽ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ተቀናሾቻችሁን አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ ለምትሞሉ። መኪና ከነዳችሁ በማይል 14 ሳንቲም ይያዛል። ጊዜያችሁ ግን አይቆጠርም፣ ለራሳችሁ የምታስቀሩት ዕቃም አይቆጠርም። አንድ ወጪ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከደረሰኙ በተጨማሪ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሰጣችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ከድርጅቱ ያስፈልጋችኋል። ደብዳቤውን ታክሳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁ አስገቡ፤ ወቅቱ ሲያልቅ ያኔውኑ ብትጠይቁ፣ የሠራችሁትን የሚያውቀው ሰው ገና ቦታው ላይ እያለ ይጻፍላችኋል።