መድኃኒቱ «አልሠራም» ሲባል፦ የፋርማሲ ተማሪ ስህተትን እንዴት ይመርምር?

ምልክት፦ ተማሪው በተግባር ልምምድ ላይ የመድኃኒት ስህተት ሲቀርብለት «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ይጀምርና አንድ ሰው ሲያገኝ ምርመራውን ይዘጋል።

ምክንያት፦ የመድኃኒቱን ባሕርይ በቃሉ አጥንቷል፤ መድኃኒቱ ከማዘዣው ተነሥቶ ሕመምተኛው አፍ እስኪደርስ ያለውን መንገድ መከተልን ግን አልተለማመደም።

መፍትሄ፦ የታዘዘውን፣ የታደለውንና የተወሰደውን መጠን ጎን ለጎን በሚሊ ግራም ይጻፍ። በሚሊ ሊትር ብቻ ከጻፈ ምንም አያገኝም።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ የሕፃናት ሲረፕ ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን አሞክሲሲሊን 250 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን እንዲሰጥ የፈለገ ሐኪም፣ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘውን አስቦ «5 ሚሊ ሊትር» ብቻ ብሎ ይጽፋል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ግን በ5 ሚሊ ሊትር 125 የያዘው ነው፤ ያም ይታደላል። እናትየው በቀን 15 ሚሊ ሊትር ሳታጓድል ትሰጣለች፤ የ100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስም በሰባተኛው ቀን ያልቃል። ጠርሙሱ በወቅቱ ስላለቀ ማንም አይጠረጥርም፤ ሕፃኑ የወሰደው ግን ግማሹን ነው። ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ተማሪዎቹ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» ይሉና ጠንከር ያለ ፀረ ባክቴሪያ እንዲታዘዝ ይጠይቃሉ። አንዲት ተማሪ ግን እናትየውን «በትክክል ሰጥተሻል?» በማለት ፈንታ «እስቲ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» ስላለቻት ጠርሙሱ ከቦርሳ ወጣ፤ 125 የሚለውን ጽሑፍ ያነበብነው ያን ጊዜ ነው።

ጠርሙሱን ሳታዩ ስለ መላመድ አትናገሩ። ሲረፑ የሚዘጋጅበት ዱቄት በስንት ውሃ እንደተበጠበጠም ጠይቁ፤ ጠርሙሱ ላይ ካለው ምልክት ያለፈ ውሃ መጠኑን ያሳንሳል። የቤት የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም። 125ቱንና 250ውን በአንድ ዓይነት ቀለምና ካርቶን የሚያሽጉ አምራቾች ስህተቱን ራሳቸው እየጋበዙ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጥ ይቅር።

ተቃራኒውም ይደርሳል፤ በ125ቱ 10 ሚሊ ሊትር መስጠት ለለመደ ቤተሰብ ሳይነገረው 250ው ከታደለ ሕፃኑ እጥፍ ይወስዳል።

አልፎ አልፎ፦ የኢንሱሊን መለኪያ «ዩኒት» በአንድ ፊደል (U) ሲያጥር ዜሮ ይመስልና 10 የነበረው 100 ተብሎ ይነበባል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ የሚወሰድበት የሳምንቱ ቀን ስም ሌብሉ ላይ ይጻፍ።