ቁጫጭን ከጓዳ ማስለቀቅ

የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ከደጀን እስከ ዳንግላ ባሉ ቤቶች ያው ነገር ይታያል፦ ከመደብ ሥር የወጣ ቀጭን መስመር ግድግዳውን ይዞ ይወጣና ስኳር ዕቃው ላይ ይሰፍራል። ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላበት ቁጫጩ እንቁላሉንና እጩን (ከእንቁላል የተፈለፈለውን ትል መሳይ ልጁን) ተሸክሞ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ደረቅ የሆነው ደግሞ የቤቱ ወለልና የግድግዳው ውስጥ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በተቃራኒው ውሃ ፍለጋ ይገባል። ያኔ ከስኳሩ ይልቅ በእንስራው ሥርና በዕቃ ማጠቢያው ዙሪያ ታገኙታላችሁ።

መስመሩን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በመጥረጊያ መጥረግ ወይም ፍሊት መንፋት ነው። ቦታው ለአንድ ሁለት ቀን ይጸዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ምግብ ፍለጋ የሚወጣው ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ነው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ከጎጆዋ አትወጣም፤ የሞተውን ያህል በአጭር ጊዜ ትተካለች። ብዙ ንግሥቶች ያሉት ዓይነትማ ፍሊት ሲነፋበት ይከፋፈልና በሌላ ሁለት ሦስት ቦታ አዲስ ጎጆ ይሠራል፤ ችግሩ በረታ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያየነውን መግደል አይደለም፣ መርዙን ራሱ ተሸክሞ ንግሥቲቱ ዘንድ እንዲያደርስ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን ለዩ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ለቁጫጭ ነው፤ ማለትም ጥቁር፣ ቡኒ ወይም ቢጫ ለሆነው፣ ስኳርና ቅባት ለሚወደው ትንሽ ዓይነት። በክረምት በሰፊ ሰልፍ የሚሄደው፣ ሰው የሚነክሰው ጉንዳን ሌላ ነው። እሱ የሚያድነው በሕይወት ያለ ነገር ስለሆነ ስኳር ብታስቀምጡለት ዞር ብሎ አያይም። ጎጆውም አንድ ቦታ አይቆይም። ጉንዳን ቤት ከገባ ሕፃናትን አውጡ፣ ጫጩቶችንና የታሰሩ እንስሳትን ፍቱና አርቁ፣ በሩን ክፈቱለት። በረሮውንና ቁንጫውን እየለቀመ ብዙ ጊዜ ራሱ ያልፋል። እንዳይገባ ማገድ ካስፈለገ ሳሙና በደንብ የበዛበት ውሃ በሰልፉ ፊት መርጨት አቅጣጫውን ያስለውጠዋል።

ክንፍ ያለው ነገር ከወለል ሲወጣ ካያችሁ ደግሞ አንዱን ይዛችሁ ተመልከቱ። ወገቡ ቀጭን፣ የራሱ ቀንድ እንደ ክርን የታጠፈ፣ የፊት ክንፉ ከኋላው የረዘመ ከሆነ ቁጫጭ ነው። ወገቡ ድፍን፣ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ አራቱም ክንፎች እኩል ከሆኑ ምስጥ ነው። ምስጥ የቤቱን እንጨት ስለሚበላ በጓዳ መድኃኒት የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

መስመሩን ተከተሉ

ከመጥረግ በፊት አንድ ምሽት መስመሩን በባትሪ ተከትላችሁ ከየት እንደሚወጣ ዕወቁ። በጭቃ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው መደቡ ከግድግዳው ጋር ከሚገናኝበት ስንጥቅ፣ ከበር መቃን ሥር፣ ወይም ጭቃው ከምሰሶው ከተላቀቀበት ቦታ ነው። በብሎኬት ቤት የመብራት ገመድ የሚያልፍበትን ቱቦና የማጠቢያውን የውሃ መውረጃ ተመልከቱ። ቀዳዳውን ስታገኙት ለመድፈን አትቸኩሉ፣ በከሰል ምልክት ብቻ አድርጉበት።

ከዚያ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። በትንሽ ወረቀት ላይ በአንድ በኩል የማር ጠብታ፣ በሌላው በኩል የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቅቤ አድርጋችሁ መስመሩ አጠገብ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የተሰበሰበበት ወገን የሚሠራውን ማጥመጃ ይነግራችኋል። ጎጆው ውስጥ ብዙ እጭ ሲኖር ወደ ቅባትና ወደ ሥጋ ነገር ያዘነብላል፤ በሌላ ጊዜ ጣፋጩን ይመርጣል። ይህን ፈተና ዘሎ ስኳር ብቻ ማቅረብ ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚልበት ዋና ምክንያት ነው።

ማጥመጃው

የሚያስፈልገው ቦሪክ አሲድ ነው፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ በፋርማሲ ይጠየቃል።

ለጣፋጭ ወዳዱ፦ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ (በትንሹ የሃይላንድ ጠርሙስ ለኩት)፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ። ዱቄቱ እስኪጠፋ ድረስ አማስሉት። ቦሪክ አሲድ በቀዝቃዛ ውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ሥሩ ላይ ከዘቀጠ ቁጫጩ የሚጠጣው ተራ ስኳር ውሃ ነው፣ እናንተም እየመገባችሁት ነው ማለት ነው።

ይህ ልክ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል፤ አንሶ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። መጠኑን ሁለትና ሦስት እጥፍ ብታደርጉት ሠራተኛው ቁጫጭ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ወይም ጣዕሙን ጠልቶ ይተወዋል። የሚፈለገው ጠጥቶ፣ በሆዱ ተሸክሞ፣ ጎጆ ደርሶ ለሌሎች ከአፍ ወደ አፍ እንዲያካፍል ነው። ትልቁ ቁጫጭ ጠጣር ምግብ መዋጥ አይችልም፤ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚወስደው። ጠጣሩን ተሸክሞ ለእጮቹ ያደርሳል፣ እነሱ ናቸው የሚፈጩት። ስለዚህ የዱቄት ስኳርና ቦሪክ ቀላቅሎ መበተን በፈሳሹ ልክ አይሠራም።

ጥጥ ድቡልቡል አድርጋችሁ በፈሳሹ አርሱና በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጡ። ጥጡ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቁጫጩ ሰምጦ ይሞታል። ክዳኑን ከመስመሩ አጠገብ፣ ምልክት ካደረጋችሁበት ቀዳዳ አንድ ክንድ ያህል ርቆ አኑሩት። አንድ ብቻ አይበቃም፤ ለአንድ ክፍል ሦስት አራት ክዳን አድርጉ።

ለቅባት ወዳዱ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም ለጋ ቅቤ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ጋር በደንብ ለውሱ። የአተር ፍሬ እያሳከላችሁ በካርቶን ቁራጭ ላይ አስቀምጡ። የበሰለና ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ አይሆንም፣ የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ያርቀዋል።

ካስቀመጣችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቁጫጩ በእጥፍ ይበዛል። ሰው ደንግጦ ፍሊት የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ታገሡ። መብዛቱ መልካም ምልክት ነው፣ ያገኘው ለወገኖቹ ነግሯል። አትጥረጉ፣ አትርጩ፣ በአካባቢው ሌላ ጣፋጭ ነገር አትተዉ። በሦስተኛና በአራተኛ ቀን መስመሩ መሳሳት ይጀምራል። ጎጆው እስኪያልቅ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ጥጡን በየሁለት ሦስት ቀኑ በአዲስ ለውጡ፤ በበጋ ይደርቃል፣ በክረምት ሻግቶ ይኮመጥጣል፣ በሁለቱም ጊዜ ቁጫጩ ይተወዋል። ቅቤውም ሲከረፋ እንዲሁ ነው።

ቦሪክ አሲድ ለሰውም መርዝ ነው። ሕፃን፣ ዶሮ፣ ድመት የማይደርስበት ቦታ፣ ከሳጥን በስተጀርባ ወይም በጎኑ በተቀደደ ጣሳ ሥር አድርጉት። የተረፈውን ፈሳሽ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ውሃ መስሎት የሚጠጣ አይጠፋምና፤ በየጊዜው ጥቂት እየበጠበጣችሁ የቀረውን ሽንት ቤት ድፉት። የለካችሁበት ጠርሙስና ማንኪያም ወደ ምግብ አይመለሱ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የዋጠ ሰው ቢኖር ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ዱቄቱ የነበረበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ።

ቦሪክ አሲድ ካልተገኘ

ጎጆው ግቢ ውስጥ ከሆነና ካገኛችሁት የፈላ ውሃ አለ። ከ10 እስከ 12 ሊትር ያስፈልጋል፤ አንድ ጀበና ውሃ ላዩን ብቻ አርሶ ይቀራል። ቀዝቀዝ ያለ ግን ፀሐይ የወጣበት ጠዋት ምረጡ፤ ያኔ እጩንና ንግሥቲቱን ሙቀት ፍለጋ ወደ ላይኛው አፈር ያቀርቧቸዋል። ጉድጓዱን አስቀድማችሁ አትቆፍሩ፣ ከተረበሹ ንግሥቲቱን ወደ ታች ይዘዋት ይወርዳሉ። ቀስ ብላችሁ በአፉ አፍስሱ፣ በአራተኛው ቀን ተመልሳችሁ እዩ፣ የሚንቀሳቀስ ካለ ድገሙት። ሁልጊዜ አይሳካም። ከጌሾው ወይም ከሎሚው ሥር፣ እንዲሁም ከጭቃ ግድግዳ መሠረት ሥር የፈላ ውሃ አትድፉ፤ ተክሉ ይሞታል፣ ግድግዳውም ይላላል።

ቤት ውስጥ ላለው መስመር ሳሙና ይሻላል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ላርጎ በጥብጣችሁ በመርጫ ወይም በጨርቅ አርሱት። ሳሙናው የቁጫጩን የሰም ሽፋን ያጥባል፣ የሚሄድበትንም የሽታ መንገድ ያጠፋል። ላርጎ ከሌለ እንዶድ አለ፦ አንድ እፍኝ የደረቀ ፍሬ ወቅጣችሁ በ2 ሊትር ውሃ አረፋ እስኪያወጣ እሹት። እጣቢውን ውሃ ግን ወደ ጅረት አትልቀቁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ይኸው እንዶድ ነው፤ ዓሣም ይገድላል።

አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ተቀላቅሎ መንገዱን ያጥባል፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስም ያግዳል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ደጋግማችሁ አትጠቀሙበት፣ ይበላዋል። ከበረኪና ጋር ደግሞ ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ማጥመጃ ያስቀመጣችሁ ሰዎች ይህን ሁሉ እጥበት ማድረግ ያለባችሁ መስመሩ ከጠፋ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ካጠባችሁ ወደ ማጥመጃው የሚወስደውንም መንገድ አጠፋችሁት።

አመድ፣ የውሃ ጣሳና ሌሎችም

አመድ በገጠሩ የታወቀ ነው፣ ዋጋም አለው፣ ግን አጥር ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። የሚሠራው ደረቅና የላመ ሲሆን ነው። በወንፊት ነፍታችሁ አራት ጣት ስፋት ባለው መስመር አፍስሱት፤ ቁጫጩ በላላው ነገር ላይ መቆሚያ ያጣል፣ የሽታ መንገዱም ይሸፈናል። የአካሻ ከሰል አመድም ሆነ የባህር ዛፍ ማገዶ አመድ ይሆናል። በክረምት እርጥበት ሲመታው ይጋገርና ድልድይ ይሆናል፤ ስለዚህ በሐምሌ ውጭ የተደረገ አመድ ከአንድ ዝናብ አያልፍም። ቤት ውስጥም ሲረጥብ ለውጡት።

የምግብ ሳጥኑን ወይም የጠረጴዛውን አራት እግር በድልህ ጣሳ ውስጥ አቁማችሁ ውሃ ሙሉበት፣ ሁለት ጠብታ ላርጎም ጨምሩ። ላርጎው የሚገባው ውሃው ላይ አቧራ ሲሰፍር ቁጫጩ በዚያ ላይ ተረማምዶ ስለሚያልፍ ነው፤ ሳሙና ካለው ይሰምጣል። ሳጥኑ ግድግዳ እንዳይነካ ሦስት ጣት አራርቁት፣ አለዚያ ጣሳው ከንቱ ነው።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የሎሚ ልጣጭ ለጥቂት ሰዓት ያርቃሉ፣ ከዚያ አይበልጡም። የቡና አተላ ምንም ያህል አይረዳም፤ ስኳር የነካው ከሆነ እንዲያውም ይጠራዋል። ቤኪንግ ሶዳ ከስኳር ጋር በልቶ ይፈነዳል የሚባለው እውነት አይደለም።

አጥብቀን የምንከለክለው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ለእርሻ የተገዛ ማላታዮን ጓዳ ውስጥ መርጨት ነው፤ እንጀራው፣ ሞሰቡና ሕፃኑ ያሉበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ለጎተራ ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን በቁጫጭ ቀዳዳ መክተት ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ በጭቃው ስንጥቅ አልፎ የተኙ ሰዎችን ይገድላል።

ቤቱን መዝጋት

መስመሩ ከጠፋ አንድ ሳምንት ሲሞላው ቀዳዳውን ድፈኑ። ቀድሞ መድፈን ውስጥ የቀረውን በሌላ በኩል እንዲወጣ ያደርገዋል፣ ማጥመጃውንም ያጣዋል። ለጭቃ ቤት የተነፋ አፈር ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ለውሳችሁ ጥቂት ቀናት አቡኩት። ስንጥቁን መጀመሪያ በውሃ አርሱት፤ በደረቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ዳር ዳሩን ይከፈታል፣ ለቁጫጭ ደግሞ የክር ያህል ክፍተት በቂው ነው። ሲደርቅ የሚታየውን ቀጭን ስንጥቅ በእበት ብቻ ለቅልቁት።

ቡና የተፈላበትን ቦታ በዚያው ምሽት አጽዱ። ከረከቦቱ ዙሪያ የሚፈሰው ስኳር፣ የፈንዲሻው ፍርፋሪና የተጎዘጎዘው ቄጠማ አብረው ሲያድሩ ለቁጫጩ ምግብም መጠለያም ይሆናሉ። ቄጠማውን ስታመጡ ደጅ አራግፉት፣ አብሮት የሚገባም አለ። ከጣሪያ ጋር የተነካካ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ ቁረጡ፤ በሎሚና በጌሾ ላይ የሚኖረው ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያወጣ ቁጫጩ እሱን ሲያልብ ውሎ በቅርንጫፉ ወደ ቤት ይሻገራል።

ማር ውስጥ የገባ ከሆነ ማሰሮውን በሞቀ ውሃ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ አቁሙት። ማሩ ሲላላ ቁጫጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። እሳት ላይ አትጣዱት፣ መዓዛው ይጠፋል። ስኳር ከሆነ በትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ቀፎ ላላችሁም የቀፎ ማቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆምና ከሥሩ ያለውን ሣር በየሁለት ሳምንቱ ማጨድ ያስፈልጋል። አንድ የሣር ዘለላ ጣሳውን ተሻግሮ ማቆሚያውን ከነካ ቁጫጩ በእሱ ይወጣል፤ ደካማ የሆነ መንጋ ደግሞ ከቁጫጭ ጋር አይታገልም፣ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።