ፌይል ቱ ባን ተነስቶ ፖስትፊክስን ካላየ

ደብረ ማርቆስ ላለ ቢሮ የማስተዳድረው የኢሜይል ሰርቨር ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ፖስትፊክስ (መልእክት የሚልከውና የሚቀበለው) እና ዶቭኮት (ተጠቃሚው መልእክቱን የሚያነብበት) ነው። ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ቀን ከሌት በተሳሳተ የይለፍ ቃል ሙከራ ይጥለቀለቅ ነበር። «ኢንፎ»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት»፣ የማይሞከር ስም የለም።

መጀመሪያ አይፒዎቹን በእጅ መዝጋት ሞከርኩ። ዝንብ ማባረር በሉት። ቀጥሎ ፌይል ቱ ባን (ሎግ እያነበበ ደጋግሞ የሚሳሳትን አይፒ የሚያግድ ፕሮግራም) ጫንኩ፣ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልነሳም አለ፤ ለካ ዴቢያን 12 አርሲስሎግን (ሎግን ፋይል ላይ የሚጽፈውን ፕሮግራም) በነባሪ ስለማይጭን ፌይል ቱ ባን የሚፈልጋቸው የሎግ ፋይሎች የሉም፣ ሁሉም ነገር የሚገባው ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው) በሚይዘው ጆርናል ውስጥ ነው። ጆርናሉን ለማንበብ የሚያስፈልገው የፓይተን 3 ሲስተምዲ ፓኬጅ መኖሩን አይቼ፣ ጄል.ሎካል (የፌይል ቱ ባን ማስተካከያ ፋይል) ላይ ባክኤንዱን (ሎግ የሚያነብበትን መንገድ) ሲስተምዲ አደረግኩት። ተነሳ። ዶቭኮት ላይ ማገድ ጀመረ፣ ፖስትፊክስ ላይ ግን ዜሮ!

ጊዜዬን የበላው ይሄኛው ነው። የፌይል ቱ ባን የፖስትፊክስ ማጣሪያ ጆርናሉ ውስጥ «ፖስትፊክስ.ሰርቪስ» የሚል ዩኒት (የአገልግሎት ስም) ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ሎጉ የሚመዘገበው «ፖስትፊክስ@-.ሰርቪስ» በሚል ስም ነው። ፖስትፊክስ-ሳስል በሚለው ጄል (የፖስትፊክስ ይለፍ ቃል ሙከራን የሚያግደው ደንብ) ስር ጆርናልማች የሚለውን (ጆርናሉ ውስጥ የሚፈለገውን ዩኒት) በዚህ ስም ጽፌ ሪስታርት ሳደርገው የታገዱ አይፒዎች ይደረደሩ ጀመር።

የማገጃው ነባሪ ልክ በ10 ደቂቃ 5 ስህተት ስለሆነ ቀስ እያሉ የሚሞክሩት ያመልጣሉ፣ ፋይንድታይምን (ስህተቶቹ የሚቆጠሩበትን ጊዜ) ወደ 1 ቀን አሳድጉት። የቢሮውንም አይፒ ኢግኖርአይፒ (የማይታገዱ አይፒዎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡ፤ ሁሉም በአንድ አይፒ ስለሚወጣ አንዱ ስልኩ ላይ የድሮ የይለፍ ቃል ከተወ ቢሮው በሙሉ ይታገዳል። አይፒው ቋሚ ከሆነ ማለቴ ነው።