ፓርኪንሰን፣ እንቅልፍና ሰዓት፦ እኛ ቤት የተሳሳትናቸው ነገሮች

አባዬ ፓርኪንሰን በሚባለው የአንጎል በሽታ እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሌሊት ይጮህ ነበር። አንዴ በድንጋጤ ሮጠን ስንገባ ኮመዲኖው ላይ የነበረው ብርጭቆ መሬት ላይ ተሰባብሯል፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ያሻል። "ሌባ ይዤ ነበር" አለን። እማዬ "እራት አክብዶ ነው" አለች። ሳቅን፣ ተመልሰን ተኛን። ያ ሳቅ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ቅዠት ነው ብሎ ማለፍ። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያሳርፋቸዋል። ሕልሙን በእጅ በእግሩ የሚታገል ሰው ግን ያ ማረፊያ ተበላሽቶበታል። ይህ የእንቅልፍ ችግር እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ራሱን ችሎ ተለየ። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን ወይም ዘመዶቹ የሆኑ በሽታዎች ይይዟቸዋል፤ አንዳንዴ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ። የሚቃዥ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ዕድሜው የገፋ ሰው በተደጋጋሚ የሚራገጥና የሚጮህ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ሽታ አልለይ ካለውና የሆድ ድርቀት ካስቸገረው፣ የነርቭ ሐኪም ይየው። ጠበል መሄድ ከፈለገም ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ብርጭቆውን ግን ዛሬውኑ ከአልጋው አርቁት።

ሁለተኛው፣ በፓርኪንሰን "የአንጎል መቆጣት" አለ ሲባል ኢንፌክሽን ነው ብሎ ማሰብ ነው። አክስቴ ይህን ሰምታ አንቲባዮቲክ ገዝታ መጣች። ተህዋስ በሌለበት አንቲባዮቲክ ምን ይሠራል? አንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ጠባቂ ሴሎች አሉ፣ ቆሻሻ ያነሳሉ፣ ጉዳት ሲያዩ ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የካናዳ ተመራማሪዎች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴያችንን የሚያቀናጅ የአንጎል ኬሚካል የሚያመርቱት ሴሎች በሚያልቁበት ቦታ እነዚህን ጠባቂዎች ተቆጥተው አገኟቸው። አልፋ ሲኑክሊን የሚባለው ፕሮቲን ሲጓጉል ይቆጣሉ፤ ቁጣው ሳይበርድ ሲቀር ደግሞ የሚጠብቁትን ሴል ራሱን ይጎዳሉ። መቆጣቱ በሽታውን ይጀምረዋል ወይስ ተከትሎት ይመጣል የሚለው ገና ያከራክራል። ስለዚህ መቆጣትን የሚያበርደውን ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንን፣ በየቀኑ መዋጥም መፍትሔ አይደለም። በሽታውን ማቆሙ አልተረጋገጠም፣ ጨጓራና ኩላሊት መጉዳቱ ግን ይታወቃል።

ሦስተኛውን ስህተት በፍቅር ነው የሠራነው። አባዬ "ይረፍ" ብለን መጋረጃውን ዘግተን ሳሎን እናስቀምጠዋለን፤ ቀን ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። ፓርኪንሰን ይህን ሰዓት ያዛባል፤ በታማሚዎች ላይ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ማታ በደንብ ከፍ እንደማይል ታይቷል። በሌላ በኩል ማይክሮግሊያዎቹም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ እሱ ሲዛባ ቁጣቸውን የሚገታው ይላላል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይዞራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ላይ 31 ታማሚዎች ተሳትፈው ነበር፤ በቀን ሁለቴ አንድ አንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ፊት የተቀመጡት የቀን ማንቀላፋታቸው ቀነሰ። በሽታውን አያድነውም። ቀኑን ቀን፣ ሌሊቱን ሌሊት ማድረግ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛው የመድኃኒት ሰዓት። እህቴ ከአሜሪካ የላከችው ወረቀት ላይ 8፣ 12 እና 4 ይላል። እኛም በሐበሻ ሰዓት አነበብነው! ጠዋት 2 ሰዓት መዋጥ የነበረበትን 4 ሰዓት እየሰጠን፣ አባዬ አልጋው ላይ እንደ እንጨት ደርቆ ሲጠብቅ ከረመ። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት በሰዓቱ ካልተወሰደ የሰውየው ሰውነት ይተሳሰራል። ሥጋና እንቁላልም መድኃኒቱ እንዳይገባ ይሻሙታል፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል። በጾም ምክንያት በድንገት ማቋረጥ ደግሞ አደገኛ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ከዚያም የንስሐ አባቱን ያማክር።

የመጨረሻዋ አጭር ናት። ሲያስመልሰው ፕላሲል የሚባለውን የማስመለስ መድኃኒት አትስጡት። ዶፓሚንን ያግዳል፣ መንቀጥቀጡንም ያብሳል። የትኛውም ክሊኒክ ስትገቡ "ፓርኪንሰን አለበት" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አሁን አባዬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኪኒኑን ውጦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እማዬ መጋረጃውን ራሷ ነች የምትከፍተው።